ባሕሩ የት ነበር?

አንድ ጥያቄ ከተጠየቅሁ ዓመታት አልፈዋል፤ አዲስ ሥራ በጀመርኩ ቁጥር ግን ተመልሶ ይመጣብኛል። ጠያቂው ግንባታችን በሚዋሰነው ጥብቅ የዱር እንስሳት መኖሪያ ውስጥ ወፍ ሲቆጥሩ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ፕላኑን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቼ ለተፈጥሮ ምን ያህል እንደተጠነቀቅን በዝርዝር አስረዳኋቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ልጄ፣ ቦታውን ለማየት ስትመጪ ባሕሩ የት ነበር?» አሉኝ።

አልገባኝም። ባሕር የት ይሄዳል? «እዚያው ነበር» አልኳቸው። ከደረት ኪሳቸው የባሕሩ ሙላት ሰዓት የታተመበት ቀጭን ደብተር አወጡ። የመጣሁባቸውን ቀናትና ሰዓታት ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ ነበር የመጣሁት፤ ጣታቸውም በሰንጠረዡ ላይ ሦስት ቦታ አረፈ። ሦስቱንም ጊዜ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ደብተሩን አጠፉና፣ «እንግዲያው ቦታውን ገና አላየሽውም» አሉኝ።

ባዶ የመሰለኝ አሸዋ

የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነኝ። ሥራው በባሕር ዳርቻ የተለመደ ዓይነት ነበር፤ መካከለኛ ሆቴል፣ ጥቂት የመኖሪያ ቤቶች፣ የእግር መንገድ። ከሌላው የሚለየው አጠገቡ ያለው ሰፊ የጭቃ ሜዳ በሕግ የተጠበቀ መሆኑ ነው። ወሰኑ በካርታው ላይ በቀይ መስመር ተሰምሯል። እኔም ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ከመስመሩ ርቄ ነደፍኩ። የፀሐይ ኃይል፣ የፍሳሽ ማጣሪያ፣ ከአካባቢው የተገኘ ድንጋይ፣ ሁሉም ገብቶበታል።

ኩራቴ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ከቀዩ መስመር ውጪ፣ በእኛው ይዞታ ውስጥ፣ ወደ ባሕሩ የሚዘረጋ ጠባብ የአሸዋ ምላስ አለ። ማዕበል ስለሚደርስበት ቤት አይሠራበትም። ስለዚህ በላዩ የእንጨት መተላለፊያ ዘረጋሁና ጫፉ ላይ የወፍ መመልከቻ ሰገነት አስቀመጥኩ። ሰው ያየውን ይወዳል፣ የወደደውን ይጠብቃል ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም ይህን አምናለሁ። በሦስቱም ጉብኝቴ ምላሱ ላይ አንድም ወፍ አላየሁም። ወፎቹ ከሩቅ፣ በጭቃው ላይ እንደተበተነ ዘር ተዘርተው ነበር። ማስታወሻዬ ላይ «ባዶ» ብዬ ጻፍኩ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውም ከእኔ የተለየ ነገር አላለም፤ ገምጋሚዎቹም የመጡት ለመለካት አመቺ በሆነው ሰዓት፣ መሬቱ ሰፍቶ በሚታይበት ጊዜ ነው።

እዚያ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል፤ ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ደግሞ ውሃው ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ከፍ ይላል፣ ይበልጥም ይሸሻል። ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከሥራዬ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም ነበር፤ የምስለው ፕላን ሰዓት የለውም። ወረቀቱ ላይ ባሕሩ አንድ ቦታ የቆመ ሰማያዊ ቀለም ነው።

አዛውንቱ ያስረዱኝ ቀላል ነገር ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ለወፎቹ ማዕድ ይሆናል፤ ትሉን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ዛጎል ለባሹን በመንቆራቸው ይለቅማሉ። ሲሞላ ማዕዱ ይሸፈናል፤ የሚበሉት ስለማይኖር ውሃው እስኪሸሽ ዐርፈው ይጠብቃሉ። ማረፊያው ደረቅ፣ በዙሪያው ሁሉ ግልጥ፣ ከማዕዱም ብዙ ያልራቀ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ አይገኝም። ቀዩ መስመር ማዕዱን ጠብቆ ነበር። አልጋው ግን እኛ ይዞታ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ በአልጋው ላይ መንገድ አሳልፌበታለሁ።

«ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። በዚያ ሥራ ብዙ ባለሙያ ጠይቄአለሁ፤ የአፈር፣ የውሃ፣ የኤሌክትሪክ። ለሠላሳ ዓመት ያህል እዚያ ቆመው የቆጠሩትን ሰው ለመጠየቅ የሄድኩት ግን ንድፉ ካለቀ በኋላ ነው።

ያ ማለዳ

ጨረቃ በተወለደች ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ ከአሸዋው ቁልል ጀርባ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ውሃው መምጣቱ አይታይም ነበር፤ የሚታየው የጭቃው ማነስ ነው። መጀመሪያ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት። ከዚያ ወፎቹ በትንንሽ መንጋ እየተነሡ መምጣት ጀመሩ። ሃያ፣ ከዚያ ሁለት መቶ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። እሳቸው አልተዉም። አሥር ወፍ ቆጥረው የዚያን ስፋት በዓይናቸው ይይዛሉ፣ በዚያ ልክ መቶውን ይከፍላሉ፣ በመቶው ልክ ሺሁን። እርሳሳቸው አንድ ጊዜም አልዘገየም።

ፀሐይ ስትወጣ «ባዶ» ያልኩት አሸዋ አይታይም ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ በግራጫና በቡናማ ላባ ተሸፍኗል። ሁሉም ወደ ነፋሱ ዞረዋል፤ ብዙዎቹ በአንድ እግር ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ መንቆራቸውን ጀርባቸው ውስጥ ቀብረው ተኝተዋል። ሰገነቴን ያስቀመጥኩበት ቦታ የት እንደሆነ ፈለግሁ። ትልቁ መንጋ መካከል ነበር።

ያኔ ከዳርቻው በኩል ሁለት ሰዎች ውሻቸውን ይዘው መጡ። ምንም ክፉ ነገር አላደረጉም። እየተጫወቱ ይራመዳሉ፤ ውሻው ወዲያ ወዲህ ይላል። መንጋው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሰማዩ ላይ ሲዞር በጣም ያምር ነበር፤ ሰዎቹም ቆመው በአድናቆት አዩት፣ ስልካቸውንም አወጡ። ወፎቹ ዞረው አረፉ። ውሻው እንደገና ሮጠ፤ እንደገና ተነሡ። ባሕሩ መሸሽ እስኪጀምር አራት ጊዜ ተነሡ። አዛውንቱ በእያንዳንዱ ጊዜ ወረቀታቸው ላይ አጭር መስመር ያሰምራሉ፤ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን በንድፌ ላይ የሳልኳቸውን ሰዎች አሰብኩ። በፀሐይ መውጫ ሰዓት ሰገነቱ ላይ የቆሙ፣ ልጅ በትከሻቸው የተሸከሙ ደስተኛ ሰዎች ስዬ ነበር። በየማለዳው።

«ጎድዊት ማለት ያ ነው» አሉኝ፤ ረጅም፣ ጫፉ በትንሹ ወደ ላይ የታጠፈ መንቆር ያለውን እያሳዩ። ስለዚህ ወፍ በኋላ ያነበብኩት ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። በ2007 በሳተላይት ክትትል የተደረገባት አንዲት ጎድዊት ከአላስካ እስከ ኒው ዚላንድ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ዕረፍት በረረች፤ ስምንት ቀን ገደማ ፈጀባት። በ2022 ደግሞ ገና በዚያው ዓመት የተፈለፈለ ጫጩት ከአላስካ ተነሥቶ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን በርሮ ታዝማኒያ ደረሰ። ጎድዊት ውሃ ላይ አርፎ አይመገብም፣ አያንቀላፋም። ስንቁ ከመነሣቱ በፊት ያከማቸው ስብ ብቻ ነው። ያ ስብ ደግሞ የሚከማቸው እንዲህ ባሉ የጭቃ ሜዳዎች ላይ በመብላት፣ ባሕሩ ሲሞላም ሳይረበሹ በማረፍ ነው። በከንቱ የተነሣበት እያንዳንዱ በረራ ከዚያ ስንቅ ይቀነሳል።

ክንፍ አላቸው

ለባለሀብቱ ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በጥሞና አዳመጡኝ። ከዚያ፣ «ክንፍ አላቸው እኮ፤ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉስ?» አሉኝ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ እኔም ከዚያ ማለዳ በፊት ብጠየቅ ያንኑ እል ነበር። ስለዚህ መልሱን በቁም ነገር ፈለግሁ።

ያገኘሁት መልስ ካርዲፍ ነው። የዌልስ ዋና ከተማ የባሕር ወሽመጥዋን በኅዳር 1999 በግድብ ዘጋች፤ በሙላት ሰዓት የሚሸፈነው ጭቃ ለዘለቄታው ከጣፋጭ ውሃ ሐይቅ ሥር ገባ፤ ዳርቻው ለግንባታ አመቺ ሆነ። ሬድሻንክ የሚባሉት እግረ ቀይ ወፎች ቀድመው ምልክት ታስሮባቸው ስለነበር ተመራማሪዎች ተከተሏቸው። ክንፍ ስላላቸው በእርግጥ ሄዱ፤ በአቅራቢያው ወዳለ ሌላ ጭቃ። እዚያ ግን ሌሎች ወፎች ነበሩ። የተፈናቀሉት ክረምቱን ከስተው አሳለፉ፤ ከዓመት ወደ ዓመት በሕይወት የሚሻገሩት አዋቂዎች ድርሻም ከመቶ 85 ገደማ ከነበረበት ወደ 78 ገደማ ወረደ። ሰባት ከመቶ ትንሽ ይመስላል። በየዓመቱ ሲደጋገም ግን መንጋ ይጨርሳል። ወፎቹ አንድ ቀን ሬሳቸው ተደርድሮ አልተገኘም፤ ቀስ በቀስ ጎደሉ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ይኸው ነው።

ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በ2006 በሴማንጉም 33 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባሕር ግድብ ዘጋች። ያ የወንዝ አፍ በአላስካና በሳይቤሪያ እንዲሁም በአውስትራሊያ መካከል ለሚመላለሱ ወፎች ከዋነኞቹ የስንቅ መያዣ ጣቢያዎች አንዱ ነበር። በብዛት ይጠቀምበት የነበረው ግሬት ኖት የተባለው ወፍ ዛሬ ለመጥፋት በተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ከምክንያቶቹ ዋነኛው በቢጫ ባሕር ዳርቻ ያለው የጭቃ ሜዳ ለግንባታ እየተደፈነ መጥፋቱ ነው።

ባለሀብቱ አንድ ሌላ ነጥብ ነበራቸው፤ ምላሱ ከተጠበቀው ወሰን ውጪ ነው። ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ያወጣው የዱር ፍጥረታት መኖሪያ ሥፍራዎች መመሪያ የሚጠይቀው ሥራው የት እንደሚገኝ አይደለም፤ ጉዳቱ የት እንደሚደርስ ነው። በደቡብ እንግሊዝ ሶለንት ዳርቻ ከተጠበቀው ቦታ እስከ 5.6 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ አዲስ ቤት የሚሠራ ገንቢ ለወፎቹ ጥበቃ መዋጮ ይከፍላል፤ በዚያ ገንዘብ ጠባቂዎች ዳርቻው ላይ እየዞሩ ሰውን ያነጋግራሉ። መነሻው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ቤቱ ከወፉ አምስት ኪሎ ሜትር ቢርቅም የቤቱ ነዋሪ ቅዳሜ ጠዋት ውሻውን ይዞ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ለባለሀብቱ ይህን ሳስረዳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ስንት ወር ትፈልጊያለሽ?» አሉ። ያን ቀን ያከበርኳቸውን ያህል ማንንም አክብሬ አላውቅም።

ዛፎቹ

እንደገና ስንነድፍ በጣም የከበደኝ ሰገነቱን መተው አልነበረም። ዛፎቹ ነበሩ።

በመጀመሪያው ንድፍ ሕንፃዎቹን ከጭቃው ሜዳ ለመጋረድ በዳርቻው ላይ ሁለት ረድፍ ረጃጅም ዛፍ ተክዬ ነበር። ሁሉም ወደደው። አረንጓዴ ነው፣ ያምራል፣ ጥላ ይሰጣል። አዛውንቱ ሥዕሉን አዩና፣ «ጭልፊቱ የት የሚቀመጥ ይመስልሻል?» አሉኝ። የዳርቻ ወፍ ከሩቅ ማየት ይፈልጋል፤ ሕይወቱ የተመሠረተው ጭልፊቱን ቀድሞ በማየት ላይ ነው። አጠገቡ ረጅም ዛፍ ወይም ረጅም ግድግዳ ከቆመ ማረፊያው ሌላው ነገር ሁሉ የተሟላ ቢሆን እንኳ ይተወዋል። ተፈጥሮን እረዳለሁ ብዬ የተከልኩት ዛፍ ለጭልፊቱ ማማ ይሆንለት ነበር። ይህን ማንም ሕግ አልከለከለኝም፤ እንዲያውም የዛፉ ብዛት ለፈቃዱ ነጥብ ያስገኝልን ነበር።

ዛፎቹን ወደ ውስጥ፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ወሰድናቸው። በዳርቻው ጨው የሚችል የአካባቢው ቁጥቋጦ ብቻ ቀረ፣ ከጉልበት የማያልፍ። ያለ መጋረጃ የቀሩትን ሕንፃዎች ደግሞ ዝቅ ማድረግ ነበረብን፤ ረጃጅሞቹን ወደ ኋላ፣ አጫጭሮቹን ወደ ፊት። የመጀመሪያው ረድፍ ቤቶች ሙሉ በሙሉ ተሠረዙ።

ምላሱን «መግባት ክልክል ነው» በሚል ሰሌዳ አልዘጋነውም። ሰው መንገዱ ወደሚወስደው ይሄዳል፤ ሰሌዳ ያነባል፣ ከዚያም ያልፈዋል። መንገዱን ከዳርቻው አንሥተን ወደ ውስጥ አዞርነው፤ በምላሱ መነሻ ላይ ጥልቀት የሌለው የጨው ውሃ ኩሬ ገባ፤ ውሻ ለሚያንሸራሽር ሰው በሌላው ወገን ከዚህ የተሻለ ሰፊ ሜዳ ተዘጋጀ። ሰገነቱም ዝቅ ያለ የእንጨት መመልከቻ ቤት ሆነ፤ ወደ እሱ የሚወስደው መተላለፊያ በሸምበቆ ተጋርዷል፣ ሰው ሲሄድ ቁመቱ ከሰማዩ ጋር ተለይቶ አይታይም። ሆንግ ኮንግ ውስጥ በሚገኘው የማይ ፖ ረግረግ በድሮ የሽሪምፕ ኩሬዎች ውስጥ የውሃውን ከፍታ ዝቅ በማድረግ ባሕሩ ሲሞላ ወፎች የሚያርፉበት ቦታ ይዘጋጃል። ከዚያ ተምረን በኩሬያችን ውስጥ ዝቅ ያሉ ሁለት ደሴቶች ሠራን። ወፎቹ እንደሚቀበሏቸው ማንም ዋስትና አልሰጠንም። በሁለተኛው ዓመት አንዷን ተቀበሉ።

መስመሩን የሚሻገረው

አንዴ ዓይኔ ከተከፈተ በኋላ ቀዩን መስመር የሚሻገረው ሰው ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። ከሣር ሜዳችን የሚታጠበው ማዳበሪያ ይሻገራል። ከግንባታው የሚወርደው ደለል ይሻገራል። ከሆቴሉ ጓሮ የሚጣለው ትርፍራፊ ቁራና አይጥ ያበዛል፤ እነሱ ደግሞ እንቁላል ይበላሉ። የክምር ምሰሶ የሚተከልበት መዶሻ ድምፅ ከሁሉም ይርቃል። ስለዚህ የሥራ መርሐ ግብሩን በወፎቹ ወራት ላይ አስቀመጥነው፤ ተሰዳጆቹ በብዛት ባሉበት ጊዜ ምሰሶ አይተከልም። ተቋራጩ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ የውስጥ ሥራውን ወደዚያ ወቅት አዛወረ።

ብርሃኑ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። የባሕር ኤሊ ጫጩት ከአሸዋው ሥር ወጥቶ ባሕሩን የሚያገኘው ዝቅ ብሎ ወደሚበራው አድማስ በመሄድ ነው፤ ሌሊት ከጨለማው ዳርቻ ይልቅ ባሕሩ ይደምቃል። ከኋላው የሆቴል መብራት ከበራ ዞሮ ወደ መንገዱ ይሄዳል። መፍትሔው የሚከብድ አይደለም፤ መብራቱ አጭር ምሰሶ ላይ ይሁን፣ ወደ ባሕሩ እንዳይታይ ይከለል፣ ቀለሙ ከነጭ ይልቅ ወደ ብርቱካናማ ያድላ፣ በማያስፈልግበት ሰዓት ይጥፋ። የተሰዳጅ የዱር እንስሳት ስምምነት አባል አገሮችም በ2020 ስለ ሰው ሠራሽ ብርሃን መመሪያ ተቀብለዋል።

በዚህ ነገር ሁሉ ልቤ የሚያርፈው ቱርክ ውስጥ ባለው የኢዝቱዙ ዳርቻ ላይ ነው። በ1980ዎቹ ሆቴል ሊሠራበት ታቅዶ ነበር፤ ጁን ሃይሞፍ የተባሉ እንግሊዛዊት ከሌሎች ጋር ተሟግተው አስቆሙት፤ አካባቢው በ1988 ልዩ ጥበቃ ተደረገለት። ዛሬ ሰው ቀን ይዋኝበታል፤ በመራቢያው ወቅት ግን ሌሊት ዳርቻው ይዘጋል፣ ለኤሊዎቹ ይለቀቃል። አንድ ቦታ፣ ሁለት ባለቤት፣ እያንዳንዱ በየሰዓቱ። አዛውንቱ ያሉኝን በሥራ ላይ ያየሁት እዚያ ነው።

ያላሸነፍኩትም አለ። ምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ዝቅተኛ የድንጋይ ግንብ ተሠርቷል፤ ባለሀብቱ ማዕበሉን ፈሩ፣ እኔም አላሳመንኳቸውም። ከ1901 እስከ 2018 የዓለም የባሕር ወለል በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ ገናም ይጨምራል። ባሕሩ ሲጨምር ጭቃው ወደ የብስ ይሸሻል፤ ግንብ ካገኘ የሚሸሽበት የለውም፣ በግንቡና በባሕሩ መካከል እየጠበበ ያልቃል። ግንቡ አርባ ሜትር ብቻ ነው ይሉኛል። አዎ፣ አርባ ሜትር ነው። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ያመኛል።

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ባልደረባዬ ከአዲስ ሥራ ቦታ ተመለሰ። በድሮን ያነሣቸውን ምስሎች ኮምፒውተሩ ላይ በኩራት አሳየኝ። ጥርት ያሉ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ድንጋይ ጥላ ይታያል። አንድ ጠፍጣፋ የአሸዋ ጉብታ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «እዚህ ምንም የለም፤ የጀልባ ማቆሚያውን እዚህ ብናደርገው?» አለኝ።

«ስታነሣው ባሕሩ የት ነበር?» አልኩት።

ምስሉን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። የሙላቱን ሰንጠረዥ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ሐሙስ ጨረቃ ሙሉ ናት። ድሮኑን ትተን፣ መነጽር ብቻ ይዘን፣ ሳይነጋ እንነሣለን።